የዱብቲው ወለል ሲንቀጠቀጥ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሠርጉን ሰመራ ላይ ደገሰ። «አክስቴ፣ አንቺ ካልመጣሽ ድንኳን አላስተክልም» ብሎ ስላስጨነቀኝ ጉልበቴን በቅባት እያሸሁ ቆላ ወረድኩ። ከሎጊያ ሰመራ በሚያመላልሰው ሚኒባስ ውስጥ የደረሰኝ ቦታ መስኮት ሥር ነበር። ሹፌሩ ተሳፋሪ ለመጫን ቆም ሲል መስታወቱ ይንገጫገጫል፤ ሲነሳና ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ዝም ይላል። ሳላስበው መዳፌን መስታወቱ ላይ ለጥፌ፣ ሞተሩ ምን ያህል ሲፈጥን እንደሚጀምረው ማዳመጥ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሻሿን እያስተካከለች፣ «እማማ፣ ንፋስ ገባብዎት እንዴ?» አለችኝ። «አይ ልጄ፣ የድሮ ትምህርቴ ትዝ ብሎኝ ነው።» «ምን ነበር የተማሩት?» «ስለሚንቀጠቀጥ ነገር» ስላት ፈገግ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። አልፈረድኩባትም። ሠርጉ ላይም ቢሆን ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ አንዴ ተቀምጬ አንዴ ተነስቼ፣ ሐሳቤ ዱብቲና አዋሽ እየተመላለሰ፣ የሙሽራውን ፊት እንኳ በቅጡ ሳላየው ቀረሁ።

ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዛሬ ቢሮዎቹና ዩኒቨርሲቲው የቆሙበት፣ ባጃጁ የሚርመሰመስበት ሜዳ ጥቁር ድንጋይና አቧራ ነበር፤ ወደ ሰርዶ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ውኃ ለመጠጣት እንኳ የማይቆምበት። ከተማ ማለት ዱብቲ ነበር። እኔ ግን የዱብቲም ሰው አይደለሁም። የተወለድኩት አዋሽ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አባቴ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ስለነበር ባገኘነው ባለ ቆርቆሮ ቤት። ባቡሩ ገና ሳይታይ የእናቴ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንሿሿሉ፤ ያኔ እናቴ ድስቷን አውርዳ፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ጣቢያው እንሮጣለን። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጡት ነጋዴ ሴቶች ወገባቸው ላይ የጠቀለሉትን ጨርቅ የጉምሩክ ፊናንሶች እንዳያዩባቸው እንደ እርጉዝ እየተንገዳገዱ ይወርዳሉ። ብርቱካን በሳፋ፣ የፈላ እንቁላል በጨው፣ የጥፍር ቀለም፣ የሳልባጅ ኮት ይሸጣል። ባቡሩ ሲሄድ ከተማው ሁሉ የተኛ ይመስላል፤ እኔ ግን መተኛትም መቀመጥም አልወድም ነበር። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ይቺ ልጅ ባቡር ሳትውጥ አልቀረችም» ትል ነበር። እውነቷን ነው። እስካሁንም አልወጣልኝም።

አዲስ አበባ ምህንድስና ስገባ መካኒካል ክፍል ውስጥ ሴቶች ሁለት ነበርን፤ ሁለተኛዋ ዓመት ሳይሞላት ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረችና ብቻዬን ቀረሁ። ካኪ ሱሪ፣ ሸራ ጫማና የወንድሜ ሹራብ የዘወትር ልብሴ ነበር። ከግቢው በታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይና ዳቦ በስሙኒ፣ በሃያ አምስት ሳንቲም። ዛሬ ስሙኒ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ወጣት ባገኝ ሻዩን እኔ እጋብዘዋለሁ። ባለቤቱ ያለው ካሴት አንድ ብቻ ስለነበር ዘፈኖቹን ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን፤ የቴፑ ባትሪ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ይወርድና ተማሪው በሙሉ አብሮ እየጎተተ ይዘፍናል። ከሰይድ ጋር የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ወላጆቹ ከወሎ ወርደው ዱብቲ የሰፈሩ ናቸው፤ አባቱ ጋሽ ሁሴን የጥጥ መዳመጫ መካኒክ፣ እናቱ እትዬ ዘሐራ ሻይ ቤት አላት። የአዋሽ ልጅ መሆኔን ስነግረው «እንግዲያው አንድ ወንዝ ነው የጠጣነው» አለኝና ዳቦውን ገምሶ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ነበር የምናጠናው።

በአራተኛው ዓመት የመካኒካል ንዝረት የሚባል ኮርስ መጣብን። ተማሪው ሁሉ የሚፈራው ትምህርት ነበር። መምህራችን ከሩቅ አገር የመጣ ሸበቶ ሰው ሲሆን እንግሊዝኛው ተሰባብሮ ስለሚወጣ ግማሹን በእጁ ነበር የሚያስረዳው። የመጀመሪያው ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈም። ከኪሱ አንድ ሞላ አወጣ፣ ጫፉ ላይ የብረት ክብደት አንጠለጠለ። እጁን ቀስ አድርጎ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ክብደቱ አብሮት ከፍ ዝቅ አለ። በጣም ሲያፈጥን ክብደቱ ባለበት ቆመ፣ ሞላው ብቻ ተርበተበተ። ከዚያ በሁለቱ መካከል አንድ ፍጥነት ፈልጎ አገኘ፤ እጁ የተንቀሳቀሰ እንኳ አይመስልም፣ ክብደቱ ግን እያበደ፣ እየዘለለ መጥቶ ጠረጴዛውን መታው። «ይህችን መካከል ፍሩ» አለን። ማንኛውም ነገር፣ ድልድይም ይሁን ማሽን፣ የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ፍጥነት አለው፤ ከውጭ የሚነካው ነገር ከዚያ ፍጥነት ጋር ከገጠመ ትንሿ መነካካት ታድግና ትሰብረዋለች። ሬዞናንስ የሚሉት እሱን ነው። ሰይድ ቀመሩን በአንድ ገጽ ጨርሶ ይተኛል። እኔ ቀመሩ እንቅልፍ ነስቶኝ እንጨት፣ ማንኪያ፣ የአልጋ ሽቦ ስነካካ አድራለሁ። ቀመሩ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚገባው እጄ ካወቀው በኋላ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት የልምምድ ጊዜያችን ከጥጥ ለቀማው ጋር ገጠመና እኔና ሰይድ ከዱብቲ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የጥጥ መዳመጫ ተመደብን። እኔ የእንግዳ ማረፊያ ይሰጠኛል ቢባልም እትዬ ዘሐራ «በአላህ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ማረፊያ ታድራለች? ከእኔ ጋር ናት» ብላ ሻንጣዬን በራሷ ተሸክማ ወሰደችው። ሻይ ቤቷ የዱብቲ ሰው ሁሉ መተላለፊያ ነበር። ሽርጥ የታጠቁ አፋሮች ግመላቸውን ውጭ አንበርክከው ወተት የበዛበት ሻይ ይጠጣሉ፤ ከደጋ የመጡ ጸሐፊዎችና አስተማሪዎች የወባ ኪኒን እየዋጡ ዝውውር ያወራሉ። ጥጥ በየቦታው ነበር፤ ቅንድባችን ላይ፣ ሻዩ ላይ፣ የእሾህ ዛፉ ላይ። ሙቀቱ ስለሚያስጨንቅ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነበር የምንተኛው። ጋሽ ሁሴን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ምሽት ላይ እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ ከሰገደ በኋላ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። እኔን «ኢንጂነር» እያለ ሲጠራኝ ይስቅብኝ ይሁን ያክብረኝ አላውቅም ነበር።

መዳመጫው ውስጥ፣ በብረት ምሰሶዎች ላይ በቆመ ፎቅ ወለል ላይ፣ ጥጡን በቧንቧ የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ አለ። እኛ ከመድረሳችን ቀደም ብሎ ምርቱ እንዲፈጥን ተብሎ የሞተሩ ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ በትልቅ ተቀይሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማራገቢያውን ዘንግ የተሸከመው ኩሽኔታ በተደጋጋሚ ይሰበራል። እኛ በደረስን በሳምንቱ ገደማ እንደገና ተሰበረ፤ ቺንጋው ተበጥሶ ተወርውሮ የአንዲት ሠራተኛ ክንድ ሰበረ። ወዲያው የምርመራ ኮሚቴ የሚባል ከከተማ መጣ። የተሰበረው ኩሽኔታ ሲከፈት ውስጡ አሸዋ ተገኘ። «አሻጥር ነው» ተባለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ የኖረበት ያውቀዋል። ጋሽ ሁሴንን ከምሳ ጠርተው ዘበኞች ቤት ቆለፉበት፤ በቀጣዩ ሳምንት ወደ ትልቁ እስር ቤት እንደሚላክ ተወራ። እዚያ የተላከ ሰው ደግሞ ወሬው አይመለስም ነበር።

ሻይ ቤቱ በአንድ ቀን ባዶ ሆነ። ደንበኞቹ በሌላኛው በኩል ዞረው ማለፍ ጀመሩ። እትዬ ዘሐራ ሻዩን እያፈላች ትጠብቃለች፣ ይቀዘቅዛል፣ ትደፋዋለች፣ እንደገና ታፈላለች። «ወላሂ፣ ሁሴን ለማሽን ከእኔ በላይ ነው የሚጨነቀው» ትላለች ለራሷ። ሰይድ የተከሳሽ ልጅ ስለሆነ ወደ ፋብሪካው እንዳይገባ ተከለከለ፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። እኔ ቁጭ ማለት ጭራሽ አቃተኝ። ከሻይ ቤቱ ወንዙ ዳር፣ ከወንዙ ዳር መዳመጫው በር፣ ከዚያ ተመልሼ ሻይ ቤት። እትዬ ዘሐራ «ሮማን፣ ልጄ፣ እግርሽ ይረፍ፣ ትንሽ ተቀመጪ» ትለኛለች፤ ተቀምጬ ሻዩ ሳይቀርብልኝ እነሳለሁ።

አንድ ቀን ሌላ መካኒክ አዲስ ኩሽኔታ ገጥሞ ማራገቢያውን ሊሞክር ሲያስነሳው እዚያው ነበርኩ። ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ደህና ነበር። ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ግን ንዝረቱ ከጫማዬ ተነስቶ እስከ ጥርሴ መጣ። ሞተሩ ጠፍቶ ፍጥነቱ ሲወርድ፣ ገና ማራገቢያው እየዞረ ሳለ፣ ወለሉ በድንገት ጸጥ አለ። ሸበቶው መምህር ሞላውን የያዘበት እጅ በዓይኔ መጣ። በሩጫ ሻይ ቤት ደርሼ «ሰይድ፣ መካከሏ ናት!» አልኩት። ገና ሳልጨርስ ገባው። ብርሃን ሲመለስበት ያየሁት ፊቱ ዛሬም ይታየኛል። «ፍጥነቱና ወለሉ ገጥመዋል። ኩሽኔታውን የሚበላው ወለሉ ነው» አለ። ከዚያ ፊቱ እንደገና ጠቆረ። «ለእነሱ ቀመር ብንጽፍላቸው ያነቡታል?» «አንጽፍላቸውም። እናሳያቸዋለን» አልኩት።

የብረት መጋዝ ምላጮች ሰብስበን፣ አንዷን አጭር ሌላዋን ረዘም እያደረግን በሁለት ጣውላዎች መካከል አሰርናቸው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው ቆሙ። እያንዳንዷ ምላጭ የራሷ ፍጥነት ስላላት፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ፍጥነቱ የገጠማት ብቻ ታብዳለች። ይህን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ጓድ በላይነህ ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሲያወራ እርሳስ የሚሰባብር ሰው ነበር። ኮሚቴው ፊት እንዳሳይ እንዲያስፈቅድልኝ ለመንኩት። ምላጮቹን በጣቱ አንድ በአንድ ነካካቸው።

«ምንድን ነው የሚያሳየው?» አለኝ።

«ማሽኑ የሚሰበረው ፍጥነቱ ከወለሉ ጋር ስለገጠመ መሆኑን ነው። አሸዋው ምንም አላደረገም።»

«ፍጥነቱ ከተጨመረ ወዲህ ማለት ነው።»

«አዎ ጓድ።»

በመስኮቱ ወደ ጥጡ ክምር ብዙ ካየ በኋላ፣ «እሺ፣ አስፈቅድልሻለሁ» አለኝ። ያን አስተያየቱን ያኔ አልተረዳሁትም፤ ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው ፎቁ ላይ ወጣ። ሰብሳቢው ካኪ የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር። ጋሽ ሁሴንም በሁለት ዘበኞች መካከል መጥቶ ጥግ ቆመ። ከስቶ ነበር፤ እኔን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ሠራተኛው ከታች አንጋጦ ያያል። ጣውላውን ወለሉ ላይ አስሬ ማሽኑ እንዲነሳ ጠየቅሁ። ፍጥነቱ ሲደርስ ከምላጮቹ አንዷ ብቻ ጫፏ እስኪጠፋ ድረስ ተወዛወዘች፤ የቀሩት ቆመው ቀሩ። ማሽኑ ጠፋ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ከዚያ ከባድ አጣና አንስቼ ወለሉን አንዴ መታሁት። ማሽን በሌለበት ያችው ምላጭ ብቻ እንደገና ተወዛወዘች። ከታች ማጉረምረም ተሰማ። ትንሹ ፑሌጃ ተመልሶ ሲገጠም ደግሞ ማሽኑ እየሠራ ወለሉ ላይ ቆመን እንደ ልባችን አወራን።

«አሸዋውስ?» አለ ሰብሳቢው።

«ጓድ፣ ዱብቲ ውስጥ አሸዋ የሌለበት የት አለ? ዛሬ ጠዋት የበሉት ዳቦ ውስጥም አለ» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው። ጋሽ ሁሴን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሸነፍን ብዬ ነበር።

«ጥሩ» አለ ሰብሳቢው። «ጥፋቱ የፍጥነቱ ነው አልሽ። ፍጥነቱን የጨመረው ትልቁ ፑሌጃ ነው አልሽ። እሱን የገጠመው ማነው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም ነበር። ማሽኑን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከታች የቆመ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ «ሁሴን ነው የገጠመው» አለ። በገዛ አፌ፣ በገዛ ምላጬ፣ የሰይድን አባት ከአሸዋ አውጥቼ ወደባሰው ነገር እንደከተትኩት ታየኝ። «ማንም ቢገጥመው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም...» ብዬ ስጀምር ሰብሳቢው እጁን አነሳ። «ያልጠየቅኩሽን አትመልሺ። ሁሴን፣ ማን አዞህ ነው የገጠምከው? ወረቀቱ የታለ?» ወረቀት አልነበረም። ትእዛዙ በአፍ ነበር፤ ያዘዘውን ሰው ቢጠራ ደግሞ ማን ያምነዋል?

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ ከኋላችን ጓድ በላይነህ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «በቃል አዘዝኩት። ሁሴን የታዘዘውን ነው የፈጸመው።» ማንም አልጠየቀውም ነበር። ዝም ቢል ማንም አይነካውም ነበር። ኪሱ ውስጥ የነበረችውን እርሳስ አውጥቶ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና ዘበኞቹን ጠብቆ ቆመ።

ጋሽ ሁሴን ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፈታ። ጓድ በላይነህን ላንድሮቨር ወሰደው። እትዬ ዘሐራ ባሏን አይታ «አልሐምዱሊላህ» ብላ መሬት ላይ ተደፋች፤ ቀና ስትል ግን መጀመሪያ ያለችው «የዚያ ሰውዬ ልጆችስ?» ነበር። ሻይ ቤቱ እንደገና ሞላ። የዞሩብን ሰዎች ሁሉ መጥተው ሳቁ፣ ጠጡ። ጋሽ ሁሴን ሬዲዮኑን አልከፈተም። እኔ ደግሞ ደስታውም ኀዘኑም አላስቀምጥ ብሎኝ የልምምድ ጊዜዬ እስኪያልቅ ድረስ ወንዙ ዳር ስመላለስ ከረምኩ። ወለሉን አጠናክሩት ብዬ ነበር፤ ትንሹን ፑሌጃ መልሰው ትተውታል። ኮሌጅ ስንመለስ መምህራችን የምላጮቹን ነገር ሰምቶ እንደ ልጅ ፈነደቀ፣ ሪፖርት አድርጌ እንድጽፈው ነገረኝ፣ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠውን ማርክ ሰጠኝ። ጻፍኩት። ግን ሪፖርቱ ውስጥ መግቢያ፣ ሙከራ፣ ውጤት የሚባሉ ክፍሎች ነበሩት እንጂ ለሰው የሚሆን ክፍል አልነበረውም። ሰይድ ከምረቃ በኋላ ደሴ ሄደ፣ እዚያው አገባ፣ ወለደ። በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን። ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም።

ጓድ በላይነህን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው፣ አባቴ ታሞ አዋሽ ሄጄ። ጣቢያው ላይ የመጠባበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ስለነበር ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድኩ ባቡር እጠብቃለሁ። አንድ ሽበት የወረሰው ሰው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቆሞ ያየኛል። «ኢንጂነሯ አይደለሽም?» አለኝ። ዓይኑ አልቀላም፤ መጀመሪያ ያልለየሁት ለዚያ ይመስለኛል። ታስሮ መፈታቱን፣ አሁን በአንድ የዘር መጋዘን ጸሐፊ መሆኑን፣ ልጆቹ ማደጋቸውን ነገረኝ። ያን ሁሉ ዓመት ውስጤ የተቀመጠውን ጥያቄ ማቆየት አልቻልኩም። «ለምን ተናገሩ? ማንም አልጠየቀዎትም ነበር።»

ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። «ያን ፑሌጃ ካዘዝኩ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም» አለ። «ሴትዮዋ ክንዷ ከተሰበረ ወዲህማ አልጋ አላውቅም። ያሰሩኝ ለት ሲሚንቶ ላይ እስኪነጋ ተኛሁ።» ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «ታስሬ ሳለሁ ሁሴን ይጠይቀኝ እንደነበር ነግሮሻል?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ሰይድም አልነገረኝም።

«ከዱብቲ ድረስ በጭነት መኪና ላይ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ቴምርና ዳቦ ያመጣልኛል፣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይሄዳል። አንድ ቀን በእኔ ምክንያት በመታሰሩ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት አቋረጠኝ። ‹አቶ በላይነህ› አለኝ፤ ጓድ ማለቱን ትቶ ነበር፤ ‹እርስዎ አዘዙ፣ ቡሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። የሴትዮዋ ክንድ የሁለታችን ነው።›»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ዳቦውን ቆረስኩና አብረን በላን።»